ቱበን፦ ከኢብ ተራሮች እስከ አል-ሒስዋ

በዚህ ማብራሪያ የምንከተለው አንድ ወንዝ ነው። ወንዙ የሚነሳበት፣ የሚከፈልበትና የሚያልቅበት ቦታ ይለያያል። ስሙን የያዙ ሰዎች አሉ፤ ውሃውን እየጠጡ ስሙን ያልያዙም አሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አል-ሒስዋ የት ናት?

የየመኗን የወደብ ከተማ የኤደንን ካርታ ዘርጉ። በቀኝ በኩል ወደ ባሕሩ የገባ ጥቁር ተራራ ታያላችሁ፤ አሮጌው ከተማ የተቀመጠበት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። በግራ በኩል ትንሿ ኤደን የምትባለው ሁለተኛዋ እሳተ ገሞራ አለች፤ እንግሊዞች በ1954 ሥራ ያስጀመሩት የነዳጅ ማጣሪያ የሚገኘው እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል ወደቡ አለ። ከወደቡ በስተ ሰሜን ያለው ዳርቻ ግን ተራራ የለበትም፤ ዝቅ ያለ፣ አሸዋማ፣ አልፎ አልፎም ጨዋማ ረግረግ ነው። አል-ሒስዋ የምትገኘው በዚህ ዳርቻ ላይ ነው።

ዛሬ በኤደን አስተዳደር የአል-ቡረይቃ ወረዳ አካል ናት። ጎረቤቷ መዲነት አሽ-ሸዕብ እንግሊዞች በኅዳር 1967 ከመውጣታቸው በፊት አል-ኢትሓድ እየተባለች የደቡብ ዓረቢያ ፌዴሬሽን ዋና ከተማ ነበረች። አል-ሒስዋ ሲባል ለብዙ ኤደናዊ ቀድሞ የሚታሰበው በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1980ዎቹ የተተከለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ነው። ለዛሬው ትምህርታችን የምትፈለገው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ የወንዝ አፍ ናት።

ኤደን ላይ በዓመት የሚዘንበው በአማካይ ወደ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ያህል በአንድ የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሊወርድ ይችላል። ታዲያ እንዲህ ባለ ደረቅ ጠረፍ ላይ የወንዝ አፍ ከየት መጣ?

ወንዙ

መልሱ ከተራራው ነው። ከኤደን በስተ ሰሜን በኢብ፣ በታኢዝና በአድ-ዳሊዕ በኩል ያለው ደጋ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣውን እርጥበት ይይዛል። ኢብ በመላው የመን እጅግ ዝናባማ ከሆኑት ቦታዎች አንዷ ናት፤ እርከኖቿን ያየ ኢትዮጵያዊ የኮንሶን ወይም የአንኮበርን ገደላገደል ማስታወሱ አይቀርም። ዝናቡ እንደ እኛ አገር በልግና ክረምት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትልቁ ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ተገናኝተው ዋዲ ቱበን ይሆናሉ። ወንዙ ውሃ የሚሰበስብበት ምድር ከ5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ዋዲ ማለት ዓመቱን ሙሉ ሙሉ ሆኖ የሚፈስ ወንዝ ማለት አይደለም። ላይኛው ክፍል ላይ ቀጭን ውሃ ለብዙ ወራት ይወርዳል፤ ሜዳ ሲደርስ አሸዋው ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሰፊ የደረቀ አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጥበታል፣ ፍየል ይሰማራበታል። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ዝናብ ባልነካው ሜዳ ላይ ቡናማ ውሃ በድንገት ይመጣል። የድሬዳዋ ሰዎች ይህን ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። ደጫቱ በነሐሴ 2006 በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ልክ በዚህ ጠባዩ ነው። የቱበንና የጎረቤቱ የአብየን ሰዎችም በመጋቢት 1982 ተመሳሳይ መቅሰፍት ደርሶባቸዋል።

ቱበን ከኤደን በስተ ሰሜን ያለውን የላሕጅን ሜዳ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። የምዕራቡ ክንድ ዋዲ አል-ከቢር፣ ማለትም ትልቁ፣ የምሥራቁ ደግሞ ዋዲ አስ-ሰጊር፣ ትንሹ ይባላል። በሁለቱ መካከል የላሕጅ ዋና ከተማ አል-ሐውጣ ተቀምጣለች። ትልቁ ክንድ ጎርፉ በርትቶ ከተረፈ ባሕር የሚገባው አል-ሒስዋ ላይ ነው። ባሕር የማይደርስባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ስሙን የያዙት

በካርታው ላይ ቱበን የሚለውን ስም ስትፈልጉ ሦስት ቦታ ታገኙታላችሁ፤ ወንዙ ላይ፣ ደለሉ በፈጠረው ሜዳ ላይና በላሕጅ ግዛት ካሉት ወረዳዎች በአንዱ ላይ። የቱበን ወረዳ ሰው «ከቱበን ነኝ» ሲል ወንዙንም አገሩንም በአንድ ቃል ተናግሯል። ስሙ አዲስ አይደለም። የሳባው ንጉሥ ከሪብኢል ወታር በሰባተኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲርዋሕ ላይ ባስቀረጸው የድል ጽሑፍ ካሸነፋቸው አገሮች መካከል ቱበን ትገኛለች። ሥርወ መንግሥቶች፣ ሃይማኖቶችና ቋንቋ ሲለዋወጡ ይህ ስም ሳይለወጥ መቆየቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ከላይ ባሉት ተራሮች ግን ሰዎች ራሳቸውን በቱበን አይጠሩም። እያንዳንዱ ጅረት የራሱ መጠሪያ አለው፤ ገበሬውም የኢብ ሰው፣ የታኢዝ ሰው ነው። ዝቅ ብሎ አል-ሙሰይሚር አካባቢ ያለው የሐዋሺብ ነገድ ምድር ነው። ወንዙ ወደ ባሕር ሲቀርብ ደግሞ ስሙ እንደገና ይጠፋል፤ ክንዶቹ «ትልቁ» እና «ትንሹ» ብቻ ይሆናሉ፣ አፉ ላይ ያለችው መንደርም አል-ሒስዋ ናት። ስለዚህ ስሙ ከምንጩም ከአፉም ሳይሆን ከመሀሉ ጋር ተጣብቋል።

የእኛው አዋሽ በዚህ በኩል ይለያል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ስሙን በየመንገዱ እየተከለ ይሄዳል፤ አዋሽ መልካሳ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ አዋሽ አርባ። ፓርኩም ባንኩም በእሱ ይጠራሉ። እነዚህ ከተሞች ግን ስሙን ያገኙት በአብዛኛው ከመሻገሪያና ከባቡር ጣቢያ ጋር ነው፤ ሰዉ ስሙን ስለተጋራ ብቻ በአንድ የውሃ ክፍያ ሥርዓት የተሳሰረ አይደለም። ቱበን ላይ ስሙ የጸናው ውሃው በሚከፋፈልበት ምድር ነው። ከአንድ ወንዝ ላይ ተራ እየጠበቁ የሚያጠጡ ሰዎች ናቸው ቱበኖች የሚባሉት። እንደ እኔ ግምት የስሙ ዕድሜ ምሥጢርም ይኸው ነው፤ ተራው እስካለ ድረስ ስሙም ይነሳል።

ይህ ምድር ከ1728 ጀምሮ ከዘይዲ ኢማሞች የተለየው የአብደሊ ሱልጣኖች መቀመጫ ነበር። በእንግሊዞች ዘመን ከሱልጣኑ ቤተሰብ የነበረው ልዑል አሕመድ ፈድል፣ በቅጽል ስሙ አል-ቁመንዳን፣ ወታደር፣ ገጣሚ፣ የዜማ ሰውና የታሪክ ጸሐፊ ነበር፤ አል-ሑሰይኒ የሚባለውን የፍራፍሬና የአበባ አትክልት ቦታም ያለማው እሱ ነው። ላሕጅ እስከ ዛሬ የምትታወቅበት ፉል የተሰኘው ነጭ መዓዛማ አበባ የሚበቅለው በዚሁ በጎርፍ በሚጠጣ አፈር ላይ ነው።

ውሃው እንዴት ይከፈላል?

የትምህርቱ ልብ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

መጀመሪያ ማሳውን እንመልከት። እያንዳንዱ ማሳ ዙሪያውን በአፈር ክትር ታጥሯል። ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ ተከፍቶ ማሳው እስከ ጉልበት ድረስ ይሞላል። ውሃው ይሰርጋል፤ ደለሉ ይቀራል። ከዚያ ገበሬው አርሶ ማሽላ ይዘራል። ደለሉ ርጥበት አቃፊ ስለሆነ በአንድ ጥሩ ማጠጣት ብቻ አዝመራ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለተኛ ዝናብ አያስፈልገውም። ራያ ቆቦ ላይ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳቸው የሚመልሱ ገበሬዎች ይህን አንድ በአንድ ያውቁታል።

ውሃው ከወንዙ ወደ ቦይ የሚገባው ዑቅም በሚባል ክትር ነው። ገበሬዎቹ የወንዙን አሸዋ፣ ጠጠርና ቁጥቋጦ ቆልለው በወንዙ ወለል ላይ አግድም ይሠሩታል። አነስተኛ ጎርፍ ሲመጣ ዑቅሙ ወደ ቦይ ይመልሰዋል፤ ጎርፉ ከበረታ ዑቅሙ ይጠረጋል። በባዕድ ዓይን ይህ የደካማ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ዑቅሙ ሲፈርስ ነው ውሃው ለታችኛው ገበሬ የሚደርሰው። የክትሩ ድካም የታችኛው ሰው መብት ነበር ማለት ነው። በኋላ ዘመን በብዙ የየመን ዋዲዎች ዑቅሙ በኮንክሪት ግድብና በብረት በር ሲተካ በሩን የያዘው የላይኛው ሰው በረታ፤ ትልቁ ጎርፍ ሳይቀር ከላይ መያዝ ተቻለ። መሐንዲሶች ይህን ጉዳት ቀድመው ቢያስቡት ኖሮ ብዙ ጠብ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ነገር ደንቡ ነው። የመን ውስጥ «አል-አዕላ ፈል-አዕላ» ይሉታል፤ የላይኛው ይቅደም፣ ቀጥሎ ያለው ይከተል። መሠረቱ በእስልምና ሕግ ውስጥ ነው። በነቢዩ ዘመን መዲና ላይ በዙበይርና በጎረቤቱ መካከል በተነሳው የውሃ ክርክር የላይኛው ካጠጣ በኋላ ለታችኛው እንዲለቅ ተፈርዷል፤ ሌላ ውሳኔ ደግሞ የላይኛው ሊይዝ የሚችለውን ልክ እስከ ቁርጭምጭሚት አድርጎታል። ስለዚህ የላይኛው ቀዳሚ ነው፤ ነገር ግን ልክ አለው።

ቱበን ላይ ይህ ደንብ በቁጥር ተሠርቷል። ጎርፉ በሴኮንድ ከ5 እስከ 15 ሜትር ኩብ ሲሆን ቀዳሚነቱ የላይኞቹ ቦዮች ነው። ከ15 እስከ 25 ሲደርስ የመካከለኞቹ፣ ከ25 እስከ 40 ሲሆን የታችኞቹ ይሆናል። ከ40 ሲያልፍ ደግሞ በትልቁና በትንሹ ክንድ መካከል እኩል ይከፈላል። ይህን ደንብ በጥሞና ተመልከቱት። ትንሹ ውሃ ታች ልውረድ ቢል አሸዋው ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ከላይ መጠጣቱ አያስቆጭም። ትልቁ ጎርፍ ላይኛው ማሳ ላይ ቢለቀቅ ክትሩን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል፤ ስለዚህ ወደ ታች መሸኘቱ ለላይኛውም ይጠቅማል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች የሃይድሮሎጂ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ወንዛቸውን ግን ያውቁት ነበር።

ቦዩን ዑበር ይሉታል፤ ኃላፊውም የዑበሩ ሼኽ ነው። ማን መቼ እንደሚከፍት፣ ለጥገና ማን ስንት ቀን እንደሚወጣ፣ ያጠፋ ምን እንደሚከፍል የሚወስነው እሱ ነው። በአማራ ክልል በባህላዊ መስኖ ላይ «የውሃ አባት» የምንለው ሽማግሌ ሥራው ከዚህ ጋር አንድ ነው። ከ1967 በኋላ የደቡብ የመን ሶሻሊስት መንግሥት መሬቱን ሲያከፋፍልና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሲያቋቁም የሼኾቹ ሥልጣን ወደ መንግሥት ባለሙያዎች ሄደ። በ2000ዎቹ በዓለም ባንክ ገንዘብ በቱበንና በዋዲ ዛቢድ የተካሄደው የመስኖ ማሻሻያ ደግሞ የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራትን አቋቋመ።

ዛይዳ

ደንቡ ሁልጊዜ ሰላም አላመጣም። ወንዙ ሜዳውን በሚነካበት አንገት ላይ ዛይዳ የምትባል ምድር አለች። ዛይዳን የያዘ የላሕጅን ውሃ ይይዛል። በ19ኛው መቶ ዘመን የላሕጅ አብደሊዎችና የላይኛው ሐዋሺብ በእሷ ይገባኛል ጥል ውስጥ ነበሩ። ለአብደሊ ሱልጣን ዛይዳ የሰፊ እርሻ ጉዳይ ብቻ አልነበረችም፤ የፈለጋት ከበላዩ ያለውን የውሃ ቁልፍ ሌላ ሰው እንዳይይዝበት ነበር።

ኤደን የምትጠጣው

ኢብን ባጡጣ በ14ኛው መቶ ዘመን ኤደን ሲደርስ ያየው እህልም ዛፍም ውሃም የሌለበት ሀብታም ወደብ ነው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ገንዳዎች እንዳሉ፣ የሚጠጣው ውሃ ግን ሩቅ እንደሆነና ዘላኖቹ አንዳንዴ መንገድ ዘግተው የከተማውን ሰው ገንዘብና ጨርቅ እንደሚያስከፍሉት ጽፏል። እነዚያ በዓለት የተፈለፈሉት ገንዳዎች ዛሬም ጎብኚ ይሄድባቸዋል።

እንግሊዞች ኤደንን በጥር 1839 ሲይዙ ይህን ችግር አብረው ወረሱ። በ1867 ከላሕጅ ሱልጣን ጋር ተስማምተው ሼኽ ኡስማን ከምትባለው መንደር ጉድጓዶች ወደ ኤደን የውሃ መስመር ዘረጉ፤ በ1882 ደግሞ ሼኽ ኡስማንን ራሷን ከሱልጣኑ ገዙ። አል-ሒስዋም በቅኝ ግዛቱ ወሰን ውስጥ ገባች። እነዚያ ጉድጓዶች ከየት ይሞሉ ነበር? ከቱበን አሸዋ ውስጥ ከሰረገው ጎርፍ ነው። ዛሬም ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው የሚወጣው ከዚሁ ሜዳ፣ ከቢር ናስርና ከቢር አሕመድ የጉድጓድ ጣቢያዎች ነው።

እዚህ ላይ የክፍያው ደንብ አንድ ትልቅ ክፍተት ይታያል። «የላይኛው ይቅደም» የሚለው ደንብ የተሠራው በዓይን ለሚታይ ውሃ ነው። በፓምፕ የሚሳበው ውሃ ላይኛም ታችኛም የለውም፤ ጥልቅ የቆፈረ ይወስደዋል። ከላይ ተራራው ላይ ለጫት ይሳባል፣ ሜዳው ላይ ለአትክልት ይሳባል፣ ከታች ለከተማ ይሳባል። በባሕሩ አቅራቢያ ያለው የጉድጓድ ውሃ ሲቀንስ ደግሞ ጨዋማው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። የዑበሩ ሼኽ በዚህ ላይ ሥልጣን ኖሮት አያውቅም፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም እስካሁን አላገኙትም።

ስሙን የማያውቁ ጠጪዎች

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ስጽፍ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ከጂቡቲዋ ኦቦክ ባሕር ተሻግረው የመን ከገቡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ለዓመታት የወረዱት በላሕጅ ጠረፍ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በ2019 ብቻ ወደ የመን የገቡትን ከ138 ሺህ በላይ አድርጎ ቆጥሯል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩት ኤደን ሼኽ ኡስማን ባለው የስፖርት ሜዳና በላሕጅ በአንድ የጦር ካምፕ ውስጥ ተይዘው ነበር፤ ንጹሕ ውሃ በማጣት በመጣ የተቅማጥ በሽታም ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። ከጠረፉ ወደ ኤደንና ወደ ሰሜን በእግር ሲጓዙ የሚያቋርጡት ይህንኑ ሜዳ ነው፤ ውሃ የሚለምኑትም ከዚህ ምድር ጉድጓዶች ነው። ከኢብ ተራራ የወረደ ውሃ ከወሎና ከአርሲ ለተነሳ ልጅ ይደርሳል። የወንዙን ስም ሳያውቅ ይጠጣዋል፤ ከወንዙ ሕዝብ ጋር ግን ለዚያች ቀን አብሮ ተቆጥሯል።

አፉ ላይ

ተመልሰን ወደ አል-ሒስዋ እንውረድ። ጎርፉ ብዙ ዓመት ባሕር ሳይደርስ ይቀራል ብለናል። ይሁን እንጂ አል-ሒስዋ አረንጓዴ ናት። እዚህ ያለው የተከለለ ረግረግ የሚኖረው ከከተማዋ በሚመጣ በኩሬዎች በተጣራ ፍሳሽ ነው። ሸምበቆ ይበቅላል፤ ዱም የሚባለው፣ እኛ አገር በአዋሽ ፓርክ ፍልውሃ ዙሪያ የምናየው ዘንባባም አለ። ከቅጠሉ ዘንቢልና ምንጣፍ ይሠራል፤ አፋሮች ሰሌናቸውን የሚሠሩበት ማለት ነው። ከአውሮፓ በባብ አል-መንደብ በኩል ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ ወፎች በኤደን ረግረጎች ላይ ያርፋሉ፤ ፍላሚንጎም ይታያል። ስፍራው በ2014 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አግኝቷል።

አሁን ተማሪዎች ሆይ፣ የውሃውን መንገድ አንድ በአንድ አስቡት። ኢብ ላይ ዘነበ፤ ቱበን ሆኖ ወረደ፤ የላሕጅ አሸዋ ውስጥ ሰረገ፤ ከቢር ናስር በፓምፕ ወጣ፤ ኤደን ቤቶች ውስጥ ተጠጣ፣ ታጠበበት፤ ፍሳሽ ሆኖ ተጣራ፤ አል-ሒስዋ ደረሰ። ወንዙ በደረቅ ዓመትም ወደ አፉ የሚደርስበት መንገድ አለው፤ መንገዱ በሰው ቤት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ «የቱበን ሕዝብ» የምንለው የቱበን ወረዳን ብቻ ቢሆን ሒሳቡ ይጎድላል። የኢብ እርከን ባለቤትም፣ የኤደን እናትም፣ ስሙን የማያውቀው መንገደኛም፣ የአል-ሒስዋ ዘንቢል ሠሪም በውሃው ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ ስለ ውሃው በሚመከርበት ጠረጴዛ ዙሪያ ግን የሚቀመጡት ገበሬዎቹና መንግሥት ብቻ ናቸው።

ለአል-ሒስዋ ይህ የቃላት ጉዳይ አይደለም። ከ2015 ጦርነት ወዲህ ኤደን ውስጥ ሕግ ሲላላ በተከለለው ስፍራና በጎርፉ መውጫ ላይ መሬት እየተከለለ ቤት ይሠራል። የሚሠሩት ሁሉ ክፉዎች ናቸው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከሌላ ግንባር ተፈናቅለው መጠለያ የጠፋባቸው ናቸው። ወለሉ ደረቅ ስለሆነ አደጋ ያለው አይመስልም። ሚያዝያ 2020 በኤደን ላይ የወረደው ዝናብ ግን ሰው ገድሎ፣ ቤት አፍርሶ፣ መኪና ጠራርጎ ወስዷል፤ ያም ከከተማዋ በላይ ካለው ሰማይ የመጣ እንጂ የቱበን ሙሉ ጎርፍ አልነበረም። በሴኮንድ ከ40 ሜትር ኩብ በላይ የሆነ ጎርፍ ላሕጅ ሲደርስ፣ በአሮጌው ደንብ መሠረት እኩሌታው የሚላከው በትልቁ ክንድ በኩል፣ ወደ አል-ሒስዋ ነው።